ሞተር ባሕር ላይ ሲጠፋ፦ የሳውዝሃምፕተን የጉዞ ማስታወሻ

ከለንደኑ የዋተርሉ ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚወርደው ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን ያደርሳል። ከተማይቱ ቴስትና ኢችን በሚባሉ ሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ጥንታዊት ወደብ ናት። ዋይት የተባለው ደሴት ከፊቷ እንደ አጥር ስለተጋረደላት የባሕሩ ማዕበል ፊት ለፊት አይመታትም። ውሃውም እንደሌላው ወደብ አንዴ ሞልቶ ወዲያው አይጎድልም፤ ጥቂት ሸሸት ይልና እንደገና ይሞላል። ትልልቅ መርከቦች የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ስለሚረዝም መርከበኛው ይህን እንደ በረከት ይቆጥረዋል።

አገሬው ስለ ከተማው ሲያወራ ሁለት መርከቦችን ሳያነሳ አያልፍም። አንደኛዋ በ1620 ሃይማኖታቸውን ሽሽት አሜሪካ የገቡትን እንግሊዞች የጫነችው ሜይፍላወር ናት። ሁለተኛዋ በኤፕሪል 10 ቀን 1912 ከዚሁ ወደብ ተነስታ ያልተመለሰችው ታይታኒክ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ ግን ሦስተኛ መርከብ አለችን። ስሟ ኦርፎርድ ይባላል። ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ በኩል ወጥተው፣ በእንግሊዝ የጦር መርከቦች እስከ ሃይፋ፣ ከዚያም እስከ ጂብራልታር ከተጓዙ በኋላ፣ በዚህች የመንገደኞች መርከብ ተሳፍረው ጁን 3 ቀን 1936 ሳውዝሃምፕተን ወረዱ። በዚያው ወር መጨረሻ በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉትም ከዚሁ ተነስተው ነው። ንጉሡን የወደደም የጠላም ወደቡ ላይ ቆሞ ውሃውን ሲያይ አንድ ነገር ሳያስብ አይቀርም፦ ስደት ንጉሥንም ተራውንም ሰው በአንድ በር ነው የሚያስገባው።

መሀል ከተማው መናፈሻ ውስጥ ከነሐስና ከድንጋይ የተሠራ አንድ ሐውልት ቆሟል። በ1914 የተመረቀ የታይታኒክ የሞተር ክፍል መሐንዲሶች መታሰቢያ ነው። ከእነሱ አንድም የተረፈ የለም። መርከቢቱ ስትሰምጥ መብራቱ እንዳይጠፋና ውሃ የሚቀዳው ፖምፓ እንዳይቆም ታች ሆነው ሲሠሩ ቀሩ። ሙዚቃ ሲጫወቱ ስለሞቱት ሰዎች ዓለም ብዙ ተናግሯል። ዘይት ነክተው ስለሞቱት ግን ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም ወደዚህ የመጣሁት ስለዚያ ከታች ስላለው ሥራ ልጽፍ ነው።

ሐምብል ወንዝ ዳር

ከሳውዝሃምፕተን በስተደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ሐምብል የምትባል መንደር አለች። ወንዟ ግራና ቀኝ በጀልባ ምሰሶ ተሞልቶ ቅጠሉን ያራገፈ ጫካ ይመስላል። የእንግሊዝ የመዝናኛ ጀልባዎች ማኅበር፣ ሮያል ያቺንግ አሶሲዬሽን የሚሉት፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ነው። ይህ ማኅበር ባወጣው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የአንድ ቀን የናፍጣ ሞተር መግቢያ ሥልጠና ይሰጣሉ። ሥልጠናው የጀልባ ባለቤቶች፣ በሀብታሞች ጀልባ ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም ባሕር ላይ ሞተር ጠፍቶበት መላ ማጣት የማይፈልግ ሁሉ የሚወስዱት ነው።

በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሆነናል። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሁለት ዓሣ አስጋሪ ወንድማማቾች፣ በሜዲትራኒያን በአንድ ትልቅ ጀልባ ላይ ልትቀጠር የተዘጋጀች የሃያ ዓመት እንግሊዛዊት፣ ከዚያ እኛ ሦስት ሐበሾች። ከሁለቱ አንዱ የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሌላው በሊቢያ በኩል ተሻግሮ የመጣ፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን ያገኘ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው።

አስተማሪው በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ያረጀ እንግሊዛዊ ነው። ጠረጴዛው ላይ በብረት ማቆሚያ የተሰቀለ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አስቀምጧል። መጀመሪያ የጠየቀን «ካንዴላው የት አለ?» ብሎ ነው። ፈላልገን አጣነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻውን በኃይል ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ የእኛ መካኒኮች ኖዝል የሚሉት መርጫ በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣውን እንደ ጉም ሲረጨው ያለ አንዳች ብልጭታ በራሱ ይነዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣና በቂ እመቃ ካገኘ ይህ ሞተር እስከ ዕድሜው ይሠራል።

ሞተሩን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ስደት የቀመሰ ሰው ነበር። ከጀርመን ወላጆች በፓሪስ ተወለደ፤ በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ቤተሰቡ ከፓሪስ ወጥቶ ለንደን ገባ፤ ልጁም ከዚያ ወደ ዘመዶቹ አውግስቡርግ ተላከ። በትክክል የሚሠራውን ሞተር በ1897 በዚያችው ከተማ አሳየ። በሴፕቴምበር 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ሌሊቱን ከመርከብ ላይ ጠፋ፤ ኋላም አስከሬኑ ባሕር ላይ ተገኘ። እንዴት እንደወደቀ ዛሬም ድረስ ያከራክራል።

ውሃ፣ ዘይት፣ ቺንጋ

የጀልባ ሞተር ከመኪና ሞተር የሚለየው በማቀዝቀዣው ነው። ራዲያተር የሚያበርደው ነፋስ ስለሌለ የሚያቀዘቅዘው የባሕሩ ውሃ ነው። ከጀልባው ሆድ ባለው መዝጊያ ይገባል፣ በወንፊት ያልፋል፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ፖምፓ ትገፋዋለች፤ የሞተሩን ሙቀት ተቀብሎ ከጭሱ ጋር በስተኋላ ይወጣል። በዚያች ፖምፓ ውስጥ ኢምፔለር የሚሏት የጎማ መዘውር አለች፤ እንደ አበባ ቅጠል ክንፍ ያላት፣ በመዳፍ የምትያዝ። ያለ ውሃ ለጥቂት ጊዜ ብትዞር ክንፎቿ ይቆራረጣሉ፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ መርከበኛ ሞተር እንዳስነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ኋላ ሄዶ ከጭሱ ጋር ውሃ መውጣቱን ማየት ነው። ኢምፔለሯ ከተቆረጠች አዲስ መግጠም ብቻ አይበቃም፤ የተቆረጡት ክንፎች አንድ በአንድ ተፈልገው መገኘት አለባቸው፤ አለዚያ ወደፊት ሄደው የውሃውን መንገድ ይዘጋሉ።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ውሃ አለበት። በየጠዋቱ ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ቺንጋውን፣ ባትሪውን፣ ከጀልባው ወለል ሥር የተጠራቀመውንና የሚያንጠባጥበውን ሁሉ ማየት ግዴታ ነው። የናፍጣ ታንክ ጎድሎ ከከረመ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ውሃው ታች ሲጠራቀም ተሕዋስያን ይራቡበትና እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር ሠርተው ፊልትሮውን ይደፍኑታል። ሞተሩም የሚቆመው ባሕሩ በታወከ ጊዜ ነው፤ ማዕበሉ የታንኩን አተላ ያነሳሳዋልና።

ጋሼ በየመሀሉ ለልጁ በአማርኛ ሹክ ይሉታል፦ «ይቺ ፊልትሮዋ ናት፤ ይኼ ቺንጋው፤ ይኼ ፖምፓው።» ወጣቷ እንግሊዛዊት ሰምታ፣ ጣልያንኛ ነው ወይ የምትናገሩት ብላ ጠየቀች። ጋሼም «አይደለም፤ ጣልያን ሲሄድ ትቶልን የሄደው ነው» ሲሏት ክፍሉ ሳቀ።

አሥር ደቂቃ

ከምሳ በኋላ አስተማሪው የናፍጣውን መስመር ዘግቶ ሞተሩን አስነሳው። ጥቂት ሠርቶ ተንተፋተፈና ጠፋ። መስመሩን መልሶ ከፈተና «አስነሱት» አለን። ማስነሻው ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን እምቢ አለ። «ናፍጣ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ለምን አይነሳም?» ብሎ ጠየቀ።

ልጁ እጁን አወጣ። መልስ ግን አልነበረውም፤ ጥያቄ ነው ያለው። በ2016 ከሊቢያ በእንጨት ጀልባ ሲሻገሩ ሌሊቱን ሞተሩ እንደዚሁ ተንተፋትፎ እንደጠፋ ተናገረ። መሪ የተባለው ሰው ራሱ መንገደኛ ነበር፤ ደላሎቹ ኮምፓስ አስይዘው ነው የሾሙት። ታንኩ አልቆ ነው ተባለ፤ ከጄሪካን ናፍጣ ተጨመረ። ሞተሩ ግን አልነሳም። እየተፈራረቁ ማስነሻውን ሲጫኑ ባትሪው አለቀ። እስከ ማግሥቱ ማታ ውሃው ወደ ወሰዳቸው ሲሄዱ ቆይተው አንድ የጭነት መርከብ አነሳቸው። ከታች፣ ከሞተሩ አጠገብ ታፍነው ከነበሩት መካከል አንዲት የአገሩ ልጅ ነፍሷ ወጥቶ ነው የተገኘችው። «ሞተሩ ምን ሆኖ ነበር?» አለ።

አስተማሪው ሞተሩን አየ እንጂ ልጁን አላየም። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «እዚያ ስላልነበርኩ በእርግጠኝነት አልናገርም። እንደነገርከኝ ከሆነ ግን ሞተሩ ሳይሰበር አይቀርም ብዬ የምፈራበት ምክንያት የለም። ታንኩ ሲያልቅ መስመሩ አየር ይስባል። አየር ስትጨምቀው ስለሚታጠፍ ናፍጣውን ወደ መርጫው የሚገፋው ኃይል አይኖርም። መቶ ሊትር ብትጨምርበትም አየሩ ካልወጣ አይነሳም።»

«ማስወጣቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ቁልፍ ከተገኘ አሥር ደቂቃ።»

ጋሼ ተነሱ። ፈቃድም አልጠየቁ። ከሣጥኑ ልኩን ቁልፍ መርጠው ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላሉና የልጁን ጣት ወስደው ከማንሻዋ ፖምፓ ላይ አስቀመጡት። «ግፋ» አሉት። መጀመሪያ አረፋ ወጣ። «ግፋ፣ አታቁም።» አረፋው እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ናፍጣው ብቻውን ጥርት ብሎ ፈሰሰ። «አሁን እየገፋህ እሰረው።» ልጁ አሰረው። ማስነሻውን ሲጫነው ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ተነሳ።

ሁሉም አጨበጨበ፤ ልጁ ግን ወደ በሩ ወጥቶ ቆመ። ተከትዬው ስወጣ «አሥር ደቂቃ» አለኝ በአማርኛ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አስተማሪው ለጋሼ ሻይ ቀድቶ የት እንደተማሩ ጠየቃቸው። «ምጽዋ» አሉት። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደነበራት ስላላወቀ ጋሼ አስረዱት። በ1955 ተቋቋመ። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች። ምጽዋ በፌብሩዋሪ 1990 ተያዘች። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ባሕር ተሻግረው በአብዛኛው የመን ገቡ፤ ጋሼም ከአንዷ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበሩ። «ከዚያ ወዲህ የነካሁት ሞተር የዳቦ ፋብሪካ ማቡኪያ ብቻ ነው» አሉት እየሳቁ። አሁን አንድ የጀልባ ባለቤት ሊያሠራቸው ፈልጎ፣ የሙያ ወረቀት አምጡ ስላላቸው ነው የመጡት። የምጽዋው ወረቀት ምጽዋ ቀርቷል።

ለሚያስቡበት

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ልጆቻችን እንዳይታለሉ አንዳንድ ነገር ልግለጽ። የአንድ ቀኑ ወረቀት መግቢያ ነው፤ ብቻውን መሐንዲስ አያደርግም። በጀልባ ላይ ተቀጥሮ ለመሥራት የባሕር ደህንነት መሠረታዊ ሥልጠናና የባሕርተኛ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወደ ሞተር ክፍል መግባት የሚሻ ደግሞ የእንግሊዝ የባሕርና የጠረፍ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚያጸድቀውን የአምስት ቀን የሞተር ሥልጠና ይወስዳል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚንቀሳቀስ ሰው በየወደቡ ቪዛ ሊጠየቅ ስለሚችል ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ያጣራ። በወደብና በጥገና ሰፈር ያለው ሥራ ግን ድንበር መሻገርን አይጠይቅም።

አገር ቤትም ቢሆን የባሕር በር ባይኖረንም ሙያው አልጠፋም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ወጣት መሐንዲሶችን ለዓለም አቀፍ የንግድ መርከቦች ያዘጋጃል። እነዚያ ልጆችና በየስደቱ ከተማ ጥበቃና መጋዘን ውስጥ ያሉት የምጽዋ ሰዎች ግን አይተዋወቁም። የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን የዕድርና የበዓል መዝገብ አላቸው። አጠገቡ አንድ የሙያ መዝገብ ቢከፍቱ ምን ይጎድልባቸዋል? ማን መካኒክ ነበር፣ ማን ነርስ፣ ማን ቀያሽ፣ ማን የመርከብ ሰው ብለው ቢጽፉ፣ ወጣቱ የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ማታ ስንለያይ ጋሼ ወረቀታቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ልጁ በመጪው ወር ለደህንነቱ ሥልጠና ተመዝግቧል። ጋሼም በየቅዳሜው ያንን ጀልባ ሊሠሩ ሲሄዱ ይዘውት ሊሄዱ ተስማምተዋል። ኢምፔለሯን መለወጥ ገና ይቀረዋል።