በረዶ የሞላበት ደረቅ አገር

በሊበን ገጠር በረዶን የማያውቅ ገበሬ የለም። በክረምት ሰማዩ ይጠቁራል። ነጎድጓዱ ያጉረመርማል። ከዚያ በረዶው እንደ ሽምብራ፣ አንዳንዴም እንደ ባቄላ እየሆነ ይወርዳል። የበቆሎውን ቅጠል ይተለትለዋል። በርበሬውን ይሰባብረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ጉዳቱ ግን እስከ መከር ይታያል።

እኛ በኅዳር ወር ያየነው ግን ሌላ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስተን በደምበጫ በኩል ወደ ፈረስ ቤት ወጣን። ሽቅብ በወጣን ቁጥር በቆሎው እየቀረ ገብስና ድንች መጣ። ጋቢ ደረብን። ያደርነው በአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። እሳቸው ማታ ወደ ሰማይ አዩና፣ «ደመና የለም። ነፋስም የለም። ዛሬ ውርጭ ይጥላል» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ አገኘነው። ሣሩን ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ረባዳው ላይ ያለው ገብስ ገና እሸት ነበር፤ ውርጭ መትቶታል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ግን ደኅና ነው።

«ዘሩ አንድ፣ የተዘራበትም ቀን አንድ። ታዲያ ይሄኛው እንዴት ተረፈ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል» አሉን።

ልክ ናቸው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ወደ ረባዳው ወርዶ እዚያ ይተኛል። ደመና ደግሞ ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ደመና ሲጠፋ ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በረዶ የምንለው ብዙ ዓይነት ነው። በክረምት የሚወርደው ጠጣሩ በረዶ ከውሃ ጠብታ ይሠራል። ደመናው ውስጥ ያለ ኃይለኛ ነፋስ ጠብታውን ወደ ላይ ይወስደዋል። እዚያ ይረጋል። ሌላ ውሃ እየለበሰ ይወፍራል። ትልቁን ሰንጥቃችሁ ብታዩት እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ውርጭ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ «ይጥላል» ማለት ልማድ ሆኖብን ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ነው ሣሩ ላይ የሚረጋው።

ሦስተኛው እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። እሱን በሊበን አናየውም። በስሜን ተራሮች፣ በራስ ዳሸን ግን አልፎ አልፎ ይጥላል። ይህም የቆየ ነገር ነው። አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ዘምቶ ነበር። በረዶው ወታደሮቹን እስከ ጉልበታቸው እንደዋጣቸው በቀይ ባሕር ዳር፣ በአዱሊስ ወደብ፣ በድንጋይ ላይ አስጻፈ። ጽሑፉን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዓመት ገለበጠው። ዛሬ ድንጋዩ የለም፤ ቅጂው ግን አለ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፣ «በረዶ ዓመቱን ሙሉ የማይለቅበት አገር አለ ይባላል። እንዲያ ያለው አገርማ ዝናብ ጠግቦ ይሆናላ?» አሉ።

እኛም ዱሮ እንደዚያው ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

አገሩ አንታርክቲካ ይባላል። በምድር ደቡብ ጫፍ ይገኛል። ስፋቱ የኢትዮጵያን አሥራ ሁለት እጥፍ ያህላል። የበረዶው ውፍረት በአማካይ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ካለው ጨው አልባ ውሃ አብዛኛው እዚያ ረግቶ ይገኛል። ሆኖም ምድረ በዳ ነው። መሐል አገሩ ላይ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢቀልጥ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢሆን ነው። ሦስት ጣት ማለት ነው። በቡሬ ግን በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ያ ውሃ ሳይፈስና ሳይሰርግ ቢቆም ከሁለት ክንድ ያልፋል።

ምክንያቱ ብርዱ ነው። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል። እጅግ የቀዘቀዘ አየር የሚሸከመው ጥቂት ነው። ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል። በአንታርክቲካ ቮስቶክ በሚባል ቦታ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ብርዱ ከዜሮ በታች 89 ዲግሪ ደርሷል። እንዲህ ካለ አየር ምን ዝናብ ይገኛል? የወደቀችው ጥቂት በረዶ ደግሞ አትቀልጥም። ባምናው ላይ የዘንድሮው ይደረባል። እንዲህ ሲደራረብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓመት ሆኖታል። ነፋሱም የቆየውን በረዶ እያነሳ ያቦነዋል። ያየ ሰው አዲስ የሚጥል ይመስለዋል።

ሽማግሌው ሳቁ። «ገባኝ። ትንሽ ያመርታል፣ ምንም አይበላም፤ ጎተራው እንዴት አይሞላ!» አሉ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በረታች፤ ውርጩ ጠፋ። ሽማግሌው ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ረባዳው ወረዱ። የተመታው ገብስ ለከብት ይሆናል። «ከርሞ ረባዳውን ምን ሊያደርጉት ነው?» አልናቸው። «ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ እዘራበታለሁ። ውርጩ ሳይመጣ አጭደዋለሁ» አሉን።