የተቀየረ ሞተርና የዘይት ጌጅ

የተቀየረ ሞተር የሚነዳ ሰው ከቴፕና ከወንበር ልብስ በፊት የዘይት ግፊት ጌጅ ማስገጠም አለበት ባይ ነኝ። ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ሃይሉክስ ላይ ስንገጥም ዋልን። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በ2ኤል ነበር፤ አሁን 5ኤል ተቀምጦባታል፣ ከ2.4 ወደ 3 ሊትር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ጭነት ይዞ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው ለምን ቀየርክ አይለውም። (አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አስገብተሃል ወይ ማለት ግን ተገቢ ነው።)

«የዘይት መብራት አለልህ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ግን መብራቱን የሚያበራው ስዊች የሚነቃው ግፊቱ ወደ 0.3 ወይም 0.5 ባር ገደማ ሲወርድ ነው። በ3,000 ዙር ሦስት አራት ባር መስጠት የሚገባው ሞተር 1 ባር ይዞ ሲሮጥ፣ ብሮንዙ ሲበላ፣ መብራቱ ጭጭ ነው። ከአዲስነቱ ጀምሮ በእጃችሁ ያለ ሞተር ቢሆን እሺ። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የመጣን ሞተር ታሪክ የሚያውቀው ግን፣ ካወቀ፣ ሻጩ ነው። እሱ ደግሞ «ገና ከዱባይ የገባ፣ ጠብታ ዘይት የማይበላ» ከማለት ሌላ ምን ይበል?

ገጠማው ቀላል ይመስላል፤ ጣጣው ያለው ጥርሱ ላይ ነው። የቶዮታው ስዊች የሚገባበት ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ያለው የእንግሊዝ ፓይፕ ጥርስ ነው። ከጌጆች ጋር የሚመጣው ሴንሰር ብዙ ጊዜ የአሜሪካው ባለ 27 ነው። በዓይን አይለዩም። በእጅ ሲያዞሩት ሁለት ዙር ያህል እሺ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። እዚህ ላይ «ቴፍሎን ጠምጥመህ እሰረው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። ትክክለኛው አዳፕተር ከአንድ ብሎክ ጋር ሲወዳደር ምንም አያወጣም።

መብራቱንም ለማቆየት ባለ ሦስት አፍ የናስ ማገናኛ ይገባል፤ ስዊቹ በአንዱ፣ ሴንሰሩ በሌላው። ሴንሰሩ ግን ከባድ ነው፣ የናፍጣ ንዝረት ናሱን ይሰብረዋል። እኛ በአጭር የዘይት ጎማ ወስደን ቦዲው ላይ አሰርነው። እንዲህ ሲደረግ ኔጌቲቩን ከብሎኩ የሚያገኘው ሴንሰር ያጣዋልና የራሱ ሽቦ ይሳብለት። ሴንሰርና ጌጅም ከተለያየ ስሪት አይገዛም፤ የአውሮፓው ብዙውን ጊዜ ከ10 ወደ 180 ኦም ይወጣል፣ የአሜሪካው ከ240 ወደ 33 ይወርዳል። ከተደባለቁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቀስቱ ጣሪያ ይነካል።

ጠዋት በብርዱ 5 ባር ማየት አያኩራራም፤ ቀዝቃዛ ዘይት ሁሉንም ሞተር ጎበዝ ያስመስላል። የሚነበበው ሲሞቅ ነው፦ አባይ በረሃ ወርዳችሁ ደጀን ስትወጡ። ያኔ በሚኒሞ ቀስቱ ወደ ታች ቢጠጋ ወዲያው አትደንግጡ፤ ለብዙ የቶዮታ ሞተሮች ፋብሪካው ራሱ በሚኒሞ 0.3 ይበቃል ይላል። ፍርዱ ያለው ዙሩ ሲጨምር ነው። አብሮ ካልወጣ ነገር አለ።

የሚያናድደኝ የዚህ ጊዜ መድኃኒት ነው። ወፍራም ዘይት ይሞላና ቀስቱ ከፍ ይላል፣ ባለቤቱም መርቆ ይሄዳል። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ ለማለፍ ሲቸገር ነው፤ ዘይቱን ማወፈር የተበላውን ብሮንዝ አይመልስም። እንዲያውም በማለዳ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ወደ ቴስታታው ዘግይቶ ይደርሳል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ይሄን ዘዴ የማያውቅ ሻጭ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ገና ልትገዙ ከሆነ፣ በቀጭን ቱቦ የሚሠራ መካኒካል ጌጅ ያለው መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ስዊቹን ፈቶ ጌጁን በቦታው ያስራል፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ብር የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ የተቀመጠና የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ኮፓው ይፈታ በሉ፣ ብሮንዙም አንዱ ወጥቶ ይታይ። ሻጩ አይፈታም ካለ ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።