የሽቦ ማተብ

ፍራንሷ ዣቪዬ ንጉየን ቫን ቱዋን የሳይጎን ረዳት ሊቀ ጳጳስ ሆነው የተሾሙት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1975 ነበር። በስድስተኛው ቀን ከተማዋ በኮሚኒስቶቹ እጅ ገባች። የተገደሉት የደቡብ ቬትናም ፕሬዚዳንት ንጎ ዲን ዲዬም የእህት ልጅ በመሆናቸው ሹመታቸው የቫቲካንና የኢምፔሪያሊስቶች ሤራ ተባለ። ኦገስት 15፣ በእመቤታችን ፍልሰታ ዕለት፣ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ፣ መቁጠሪያቸው በኪሳቸው እንዳለ ተወሰዱ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ 13 ዓመት ታሰሩ፤ ዘጠኙን ብቻቸውን። በዚያው ዘመን እኛም ዘንድ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እጅ ነበሩ፤ እሳቸው ግን በሕይወት አልወጡም።

ቫን ቱዋን ሲታሰሩ ገና 47 ዓመታቸው ነበር። በናትራንግ ሀገረ ስብከት ስምንት ዓመት የደከሙበት ሁሉ መና መቅረቱ እንቅልፍ ነሳቸው። አንድ ሌሊት ግን ያ ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ እግዚአብሔር ራሱ እንዳልሆነ በልባቸው ተሰማቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰላም አገኙ። እኔ የታሪካቸው ሁሉ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል።

ለምእመናን «ለሆድ ሕመሜ መድኃኒት ላኩልኝ» ብለው ጻፉ። ነገሩ የገባቸው ሰዎች በትንሽ ጠርሙስ ወይን፣ በባትሪ ውስጥ ደግሞ ኅብስት ደብቀው ላኩላቸው። ሦስት ጠብታ ወይንና አንድ ጠብታ ውሃ መዳፋቸው ላይ አድርገው ቀደሱ። ሃምሳ እስረኞች አብረው በሚተኙበት ካምፕም መብራት ከጠፋ በኋላ በቃላቸው ይቀድሱ፣ ቅዱስ ቁርባኑን በአጎበር ሥር እያሳለፉ ያቀብሉ ነበር። የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ማስቀመጫው ሆነ።

ጠባቂዎቻቸው በየሁለት ሳምንቱ ይቀየሩ ነበር። ኋላ ግን ይህ ሰው ሁሉንም ይበክልብናል ተብሎ መቀያየሩ ቀረ! እሳቸውም ጠባቂዎቹን ቋንቋ አስተማሯቸው፤ አንዱማ የላቲን መዝሙር አጥንቶ በየጠዋቱ ይዘምር ነበር። እንጨት በመስቀል ቅርጽ እንዲቆርጡ የፈቀደላቸው ጠባቂ ነው፤ መስቀሉን ሳሙና ውስጥ ደበቁት። በሌላ እስር ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲለምኑ ጠባቂው ራሳቸውን ሊያጠፉ መስሎት ደነገጠ። በኋላ ግን ጉጠት ይዞ መጣና የመስቀሉን ሐብል አብረው ሠሩት። ጠላት ተብሎ የተሰጠውን እስረኛ አምኖ ጉጠት ማቀበል ቀላል ድፍረት አይደለም፤ የዚያም ሰው ምስክርነት ሊዘነጋ አይገባም።

ኖቬምበር 21 ቀን 1988፣ እንደገና በእመቤታችን በዓል፣ ተፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ሮም ሲሄዱ ግን ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ተከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የዐቢይ ጾም ሱባኤን ለዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊና ለቫቲካን ሹማምንት መሩ። የመረጡት ርእስ ተስፋ ነበር።