ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ይስማ ንጉሥ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ለዓሣ ነው። እኔና ታላቅ እህቴም የቆምነው ለዚሁ ነበር። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ እንዳለ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ክንፉ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይመጣል። ይህ ዓሣ ግን ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት ነው።

ከበላን በኋላ ወደ ውኃው ወረድን፤ እኔም እዚያው ልቤ ተሰረቀ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከጣና ጎን ቢቀመጥ ኩሬ ይመስላል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ያ ሁሉ ጣና 15 ሜትር አይሞላም። ቀለሙ የጠቆረው ለዚህ ይሆናል።

የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል፣ ለወንድ ብቻ። እህቴ በሩ ላይ ቀረች። «እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የወለደች ሴት አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

አባ ኢየሱስ ሞአ በደብረ ዳሞ መንኩሰው ወደዚህ የመጡት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገዳሙም ትምህርት ቤት ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት የተማሩት ከእሳቸው ዘንድ ነው፤ የኋላ ኋላ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም እዚሁ ተምረዋል። በ1262 ዓ.ም. የነገሠው ይኩኖ አምላክም ከገዳሙ ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው፤ የሐይቅ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሹመት የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ላሊበላን ለማየት በዚህ በኩል እየበረረ የሚያልፈው ጎብኚ ያሳዝነኛል፤ ከዛግዌ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ፊደል የቆጠረው እዚህ ነውና።

ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ከሚታወቅ ጥንታዊ ባለ ሥዕል ብራናዎቻችን አንዱ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ደሴቱ ድረስ ተሻግሮ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ፣ ወንጌሉ ግን ተርፏል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስንነዳ የአምባሰል ገደል በግራችን ቆመ። በስሙ የሚጠራውን ቅኝት በመሰንቆ ስሰማ የማዝነው ለምን እንደሆነ ተራራውን ሳይ የገባኝ መሰለኝ። ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ አለ፤ ምኒልክና የኢጣሊያው አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ሜዳ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ እንደሚችሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። መዘዙ እስከ ዓድዋ ወሰደን፤ ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሻረ። ያን ያህል ጉድ የወጣበት ስፍራ እንዲህ ጸጥ ያለ ሜዳ መሆኑ ይደንቃል።

ግሸን ቀረችን። የነገሥታት ልጆች የታሰሩባት፣ ግማደ መስቀሉ ያለባት፣ ራሷም በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ ናት፤ መስከረም 21 ምእመኑ ይጎርፍባታል። ለበዓሉ እንመለስ ስላት እህቴ ሳቀች። «እዚያስ ሴት አይከለከልም፤ አንተ ከኋላዬ ትወጣለህ» አለችኝ።