ቅቤ የሚወደው ድንጋይ

የሚስቴ ቀለበት ሲደበዝዝ እናቷ «አልማዝ በፋብሪካ ይሠራል እንዴ? ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሏት። ምንም አልመለሰችም፤ ግን በማግስቱ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ኮድ ሲያስቸግረኝ ስህተቱን ሳላገኝ አልተኛም። ላብራቶሪ ውስጥ ያደገውም ከመሬት የወጣውም ያው ካርቦን ነው፤ ሁለቱም ቅባት ይወዳሉ። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች። በቃ!

ለብ ያለ ውሃ በሳህን፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ 20 ደቂቃ ዘፍዝፌ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከድንጋዩ ሥር ፈተግኩት። ቆሻሻው የሚደበቀው እዚያ ነው። (በረኪና እንዳትሞክሩ፣ ወርቁን ይጎዳዋል።)

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ከዚያ የራሳቸውን ቀለበት እየታገሉ አወለቁና «እስቲ ይሄንንም» አሉኝ። ሚስቴ ከኩሽና ወጥታ ዝም ብላ ጣቷን ዘረጋችልኝ።