ከጎባ እስከ ደሎ መና፦ በሞተር ብስክሌት የተደረገ የአራት ቀን ጉዞ

 

በጉዞ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ስለ ታሪካዊ ከተሞችና መስጂዶች ነው። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን በባሌ ተራሮች ላይ፣ ከደመና በላይ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። ጉዞውን ያደረግነው ባለፈው ሚያዝያ በሁለት ሞተር ብስክሌቶች ሲሆን፣ አራት ቀን ፈጅቶብናል።

እውነቱን ለመናገር የወጣሁት ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። የ19 ዓመት ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ከመጣ ወዲህ በእኔና በእርሱ መካከል የነበረው ንግግር በሰላምታ ብቻ ተወስኖ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ ነው ለማለት አልደፍርም። ውጤቱን ባየሁበት ዕለት በእናቱና በታናናሾቹ ፊት የተናገርኩት ቃል አባት ለልጁ የሚናገረው አልነበረም። ወራት አለፉ፤ እርሱም አልረሳ፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ «ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ከምትኮራረፉ ይዘኸው ሂድ» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ ሮቤ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዘን ደረስን። ሦስት ሰዎች ሆነው ለጉዞ የወጡ እንደሆነ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እኛም ሮቤ ላይ ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ ልጄና መሪያችን። መሪያችን ጎባ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ እንግዶችን በሞተር እየመራ የሚተዳደር ወጣት ነው። አንዱን ሞተር እርሱ ሊነዳ፣ ሁለተኛውን በወጣትነቴ በግብርና ጣቢያ ስሠራ ሞተር የለመድኩት እኔ ልነዳ፣ ልጄም ከኋላዬ ሊቀመጥ ተስማማን። አሚርነቱንም ለመሪያችን ሰጠነው። በአፍ መስጠት ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዲንሾ ሄድን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጽሕፈት ቤቱ አቅራቢያ በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል የደጋ አጋዘን መንጋ አየን። ይህን እንስሳ የሳይንስ ሰዎች አወቅነው የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ የባሌ እረኛ ግን ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀው እንደነበር መጽሐፎቹ እምብዛም አይናገሩም።

መሪያችን በመንገድ ላይ ፊንጫ ሀበራ ስለሚባለው የዋሻ መጠለያ አጫወተን። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በየጊዜው ይኖሩበት ነበር፤ ዋና ምግባቸውም በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር። ልጄ ከአዲስ አበባ ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እኛስ ጩኮ አናጣም» አለ መሪያችንን እያየ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ቢሆንም ድምፁን በመስማቴ ሹክር አደረግሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎባ ስንደርስ ሰማዩ ገና ብሩህ ነበርና የሰነቴን አምባ ዛሬውኑ ተሻግረን ሪራ እንደር አልኩ። መሪያችን ወደ ተራራው ተመልክቶ እምቢ አለ። እኔም ገንዘብ የከፈልኩ እኔ መሆኔን የሚያሳስብ ነገር ተናገርኩ። እርሱም ሳይቆጣ፣ «ጋሼ፣ አሚር ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። ዛሬ አንወጣም» አለኝ። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። ምን እንደምመልስ ሊያይ እንደሆነ ገባኝና ዝም አልኩ። ከዐስር በኋላ ተራራው ከግማሹ በላይ በጥቁር ደመና ተሸፈነ፤ ሌሊቱን ጎባ ላይ ሲዘንብ አደረ።

በዚህ አጋጣሚ ለወጣት አንባቢያን አንድ ጠቃሚ ነገር ላስታውስ። በተራራ ላይ ውኃው እጅ የሚያደነዝዝ ነውና የሙሳፊር ሰው ኹፍ ላይ የማበስ ፈቃድ ምን ያህል እዝነት እንደሆነ ከተማ ውስጥ ሆኖ አይታወቅም። ውዱእ አድርገን ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ካጠለቅን፣ ጫማውን ሳናወልቅ ለሦስት ቀንና ሌሊት ልናብስበት እንችላለን፤ በአገሩ ላለ ሰው ግን አንድ ቀንና ሌሊት ነው። ባለ አራት ረከዓዎቹን ሶላቶች ሁለት ሁለት እያደረግን፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር እየሰበሰብን ሰገድን።

በማግሥቱ ከሱብሂ በኋላ ወጣን። ከጎባ በላይ መንገዱ መጀመሪያ በጽድና በኮሶ ደን፣ ከዚያም በአስታ ቁጥቋጦ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሰሐቦች አቀበት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ እንደነበር የተላለፈውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን በሕይወቴ በሜዳ ከተማ ስኖር አንድም ቀን ሥራ ላይ አላዋልኩትም። ያን ዕለት በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ «አላሁ አክበር» አልን። ልጄም ከኋላዬ ሲል በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

ሞተሩ ግን እያቃሰተ ነበር። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አምስተኛ ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ስለሚበዛበት ሞተሩ ይታፈናል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የሰውም ሳንባ እንዲሁ ነው። ቆም ብለን ጥቂት እርምጃ በተራመድን ቁጥር ትንፋሻችን ይቆራረጥ ነበር።

የሰነቴ አምባ ምድርን የማይመስል ምድር ነው። ዛፍ የለም። ነጫጭ አበባ ያለው ብርማ ቁጥቋጦ፣ ትናንሽ ኩሬዎች፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅባራ፤ ከዚያ ወዲያ ንፋስና ሰማይ። ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው ወዲያው ይሰወራሉ። ሞተሩን አጥፍተን ጸጥ ብለን እንደተቀመጥን አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ አለፈ። የአካባቢው ሰው «ጀደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፣ ይለዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚሁ ባሌ ናቸው። ጠላታቸው የሰው ጥይት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህም የመንደሩ ውሾች ይከተባሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በእኔ ጥፋት ነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ይታያል። መሪያችን «ጊዜ የለንም፣ በቀጥታ እንለፍ» ሲል፣ እኔ እዚህ ድረስ መጥቼ ሳልወጣ አልመለስም ብዬ ለመንኩት። ትናንት ዝም ማለቴን እንደ ውለታ ቆጠርኩት መሰለኝ። እርሱም እያቅማማ ፈቀደ። ወጥተን፣ አይተን ስንወርድ ደመናው ከደቡብ በኩል መጥቶ ዋጠን። ከዚያ በረዶ ወረደ። የበረዶው ፍሬ ራስ ቁሩን ሲመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ጓንቴ ስስ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ጣቶቼ ፍሪሲዮኑን መጨበጥ አቃታቸው። ሞተሩ ጠፋ። አስነስቼ ጥቂት እንደሄድኩ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራቶ ጣለን። አልሐምዱ ሊላህ፣ አልተጎዳንም።

ልጄ ሞተሩን አነሣና፣ «አባ፣ እኔ ልንዳ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ሞተር የት ታውቃለህ?»

ከውስጥ ኪሱ ቦርሳውን አውጥቶ መንጃ ፈቃድ አሳየኝ። ፎቶግራፉ የእርሱ ነው፤ ስሙም ከእኔ ስም ጋር።

«መቼ አወጣኸው?»

«በኅዳር። ጋራዥ እየሠራሁ ባገኘሁት ገንዘብ ነው የተማርኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከቤት ሲወጣ ሥራ ፈት ሆኖ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝም እንደዚያ ብዬ መልሻለሁ። በረዶው እየወረደብኝ ከልጄ ኋላ ተቀመጥኩ።

አምባው በሐረና በኩል በድንገት ያልቃል፤ መንገዱም በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። ልጄ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ለጥንቃቄ ብቻ እየነካ፣ የመሪያችንን ዱካ ተከትሎ ወረደ። እኔ በዚያ ሁኔታ እንዲያ አልነዳም ነበር።

ሪራ ስንደርስ የዙህር ሰዓት አልፎ ነበር። መንደሯ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በአስታና በቀርከሃ ደን መካከል የተቀመጠች ናት። የተቀበሉን አዛውንት የመሪያችን ዘመድ ናቸው። ማንነታችንን ሳይጠይቁ እሳት ዳር አስቀመጡን፤ ባለቤታቸው እጄን አይተው ለብ ባለ ውኃ እንድነክር አደረጉ። ከዚያ ወተት፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና የሐረና ማር ቀረበ። ለማደሪያችን ገንዘብ ልሰጥ ስል መሪያችን በዓይኑ ከለከለኝ። የእንግዳ መብት ሦስት ቀን መሆኑን የሚያውቅ ቤት ገንዘብ ሲዘረጉለት ያፍራል። ይዘነው የመጣነውን ስኳርና ለልጆች የሚሆን ደብተር ብቻ ሰጠን።

ሦስተኛውን ቀን እዚያው ዋልን። ቆርቆሮ ጣሪያ ባላት አነስተኛ መስጂድ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሰገድን፤ የመንደሩን ኢማም ስለተከተልን አራቱን ረከዓ ሞላን። ከሶላት በኋላ አዛውንቱ ስለ ኑሯቸው አጫወቱኝ። ሪራ በፓርኩ ክልል ውስጥ ስለሆነች ስለ እርሻውም ስለ ከብቱም ክርክሩ የቆየ ነው። እንስሳቱን የሚጠብቁት ከብቱ በዛ፣ ደኑ ተመነጠረ ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። አዛውንቱ ደግሞ፣ «አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ቀበሮውን ማን ገደለው? እኛ ነን አብረነው የኖርን» አሉ። ይህም ሐሰት አይደለም። የሚወርደው ውኃ ገናሌንና ዋቢ ሸበሌን እየመገበ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሕዝብ ያጠጣልና ነገሩ የሪራ ብቻ አይደለም። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ነገር ግን ምራታቸው ምጥ የያዛት ሌሊት ያንን አምባ ተሻግረው ጎባ ሆስፒታል እንዴት እንዳደረሷት ሲነግሩኝ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። በመኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በጭጋግ ውስጥ ነው የሄደችው። ልጁ ተርፏል፤ ሲያወሩ እግራቸው ሥር ይጫወት ነበር። እኛ በጠራራ ቀን ያቃተንን መንገድ ማለት ነው። ቀበሮ ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ እንዲህ ላለው ሌሊት አንድ ነገር ካልሠራ የመንደሩ ሰው ፓርኩን እንደ ራሱ ንብረት እንዲያየው መጠበቅ ይከብዳል።

ማታ ልጄን ከእሳቱ ወጣ አድርጌ በዚያ ቀን የተናገርኩትን ቃል አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔም ተደብቄሃለሁ» አለኝ። ሌላ ብዙ አልተባባልንም። ከዚያ ስለ ካርቡራተሩ ማስረዳት ጀመረ፤ ለምን እንደታፈነ እኔ ከማውቀው አሳምሮ ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን የሐረናን ደን አቋርጠን ወረድን። ከፍታው በቀነሰ ቁጥር ቀርከሃው ለረጃጅም ዛፎች ቦታውን ይለቃል፤ ዛፎቹ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታያሉ፤ ከዚያም በታች ማንም ያልተከለው ቡና በዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል። በአንድ ቀን ከበረዶ ወደ ቡና አገር መውረድ ለሰውነት ግራ ነው። ደሎ መና ስንገባ ጃኬታችንን ሁሉ አውልቀን ላብ ይወርደን ነበር።

እዚያ የመሪያችን ሞተር አልነሣ አለ። ልጄ ተንበርክኮ ካንዴላውን ፈታ፣ ጠረገና መልሶ አሠረው። አሚራችን «ስንመለስ አምባውን ማን ይነዳል?» ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ቁልፉን ለልጄ ሰጠሁት።