ካልሲ የገባች ቲፕ

እሑድ ቦሌ ምሳ በላን። ቢሉ የመጣበት ማቀፊያ ውስጥ ለአስተናጋጇ 100 ብር ትቼ ወጣን። መኪና ውስጥ የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ብሩን አራት አጥፎ ካልሲው ውስጥ ሲሸጉጥ አየሁት።

«ጋሼ፣ ረስተውት መስሎኝ እኮ ነው!»

ለተረሳ ብር ካልሲ ምን አመጣው? እህቴ «ልጅ አይደል!» ብላ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ ዝቅተኛውን ደመወዝ በብር አልቆረጠም። ለብዙ አስተናጋጅ የታክሲ ሂሳቧ ይህችው ቲፕ ናት።

እጁን ይዤ ተመለስን። ልጅቷ ጠረጴዛውን እየወለወለች ነው፤ ማቀፊያውን ከፍታ አይታዋለች። ብሩን ዘረጋላት። «የኔ ጌታ፣ ጎበዝ!» ብላ ከኪሷ 10 ብር አውጥታ ሸለመችው።

ተቀበላት እኮ!